የሠርጉ ቀን የተሰበረው መስፍ

ዚላ ትሬሎር ብረት በምትቀጠቅጥበት መስፏ ላይ የሻይ ኩባያ ያስቀመጠን ሰው እንኳ የማትምር ሴት ነበረች። "ጠረጴዛ ጠፋ?" ትልና ኩባያውን አንስታ መሬት ላይ ታኖርለታለች። ባለኩባያው ጎንበስ ብሎ ያነሣል፤ ሁለተኛም አይለምደውም። እንዲህ ያለችን ሴት መስፏን በድማሚት ቢያፈነዱባት ምን እንደምትሆን ለመገመት ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። የእኛ ሰው ግን አፈነዳባት። አፈንድቶ ሲያበቃም፣ "አይ ዚላ፣ አንቺ ደግሞ! ብረት አይደል እንዴ!" አላት።

ብረት! ያን ብረት አባቷ ሳምፕሰን ትሬሎር ዕድሜውን ሙሉ የቀጠቀጠበት ነው። የመዳብ ማዕድኑ ሲዘጋ በጋሪ ጭኖ አምጥቶ በገዛ ቤቱ ጓሮ ወፍራም ግንድ ላይ ተከለው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ትልቁን መዶሻ ለዚላ አስጨበጣት። እሱ በትንሿ መዶሻ ነካ ያደረገበትን ቦታ እሷ ከላይ ታወርድበታለች። ሲሞት ሥራውን ያዘች። ከተማችን ትሬቫን ያኔ፣ "ወንድ ቀጥቃጭ እስኪገኝ ትያዘው" አለ። ወንድ ቀጥቃጭ ግን ከየት ይምጣ? ጉልበት ያለው ሁሉ ማዕድን ወዳለበት ወደ ብሮክን ሂልና ወደ አደላይድ ሄዷል። የቀረው ስንዴ ዘሪ ነው። የስንዴ ዘሪ ማረሻ ይዶለዱማል፣ የዶለዶመ ማረሻ ደግሞ ዚላ ዘንድ ይመጣል። የሳለችለትን ማረሻ ትከሻው ላይ አድርጎ ከጓሮዋ እየወጣ፣ "ሴት እኮ ናት" ይላል! አያፍርም።

በእኛ ዘንድ ሠርግ ያለ መስፍ ተኩስ ሠርግ አይባልም። አያቶቻችን ባሕር ተሻግረው ከኮርንዎል ለመዳቡ ሲመጡ አብሯቸው የመጣ ልማድ ነው። ሙሽሮቹ ከጸሎት ቤት ሲወጡ የቀጥቃጩ መስፍ ደጅ ይወጣል። አናቱ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ትንሽ ባሩድ ይጎርሳል፣ በእንጨት ይወተፋል፣ ክሩ ይለኮሳል፣ ድው ይላል። ውሻ ይሸሻል፣ ሙሽራዋ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። መስፉ አንዳች አይሆንም፤ ባሩድ ገፍቶ ይወጣል እንጂ አይሰብርም። የሚሞላው ቀጥቃጩ ነው፣ የሚለኩሰው ደግሞ መቺው፣ ማለት ትልቁን መዶሻ የሚያነሣው ሰው ነው። የዚላ መቺ እኩያዋ ዲገሪ ብሬይ ነበር። ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት የሚያስፈልገው፣ ምግብ ላይ ግን ማንም የማይቀድመው ሰው ነው።

የዚያን ቀን የምትዳረው የካፕቴን ሆስኪን የልጅ ልጅ ነበረች። ካፕቴን ሲባሉ መርከብ ነድተው እንዳይመስላችሁ፤ ውኃ እስከ ጉልበታቸው እንኳ አይደፍሩም። በእኛ አገር የማዕድን አለቃ ካፕቴን ይባላል። ጉድጓዱ በነበረበት ዘመን አለቱን በድማሚት የሚያስፈነዱት እሳቸው ነበሩ። ጉድጓዱ ሲዘጋ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኑና በድማሚት ፋንታ በጸሎት ያናውጡን ጀመር።

ዚላ መስፏን ራሷ ልትሞላ ስትነሣ የጸሎት ቤቱ ሴቶች ያዟት። "አንድ ቀን እንኳ እንደ ሴት ሁኚ እስቲ!" አሏትና ሽርጥ አስታጥቀው የሳፍሮን ኬክ እንድትቆርጥ አዳራሽ ውስጥ አቆሟት። የባሩዱን ሣጥን ቁልፍ ለዲገሪ ሰጠችው። ኬኩን እያጉረመረመች ስትቆርጥ ፍንዳታው ተሰማ። ድው አላለም። እንደ መብረቅ ደረቅ ነበር፤ የአዳራሹ መስኮት ረገፈ።

ቢላዋውን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ጭሱ ገና አልተበተነም። የመስፉ አንድ ማዕዘን የለም። ከላይ የተነጠፈው አረብ ብረት፣ መዶሻ የሚያርፍበት ያ ጠንካራ ፊት፣ ከታችኛው ለስላሳ ብረት ተላቆ ብድግ ብሏል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

"ማነው የሞላው?"

አንዱ ኮቱን ከጥላሸቱ ማራገፍ ያዘ።

"ማነው የሞላው ነው የምላችሁ! ይሄ ባሩድ ነው? ይሄ ድማሚት ነው!"

ዲገሪ ቆቡን በእጁ አዙሮ አዙሮ፣ "የለኮስኩት እኔ ነኝ" አለ።

"ስትለኩስ ዓይን አልነበረህም? ስንት ዓመት ነው እዚህ መስፍ ላይ የቆምከው? ሂድ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!"

ዲገሪ ጫማውን እያየ ሄደ። ሄደ ስንል ወደ አዳራሹ ነው፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ሥጋና ድንች የተሞላበትን ቂጣ እያከታተለ ሲበላ ያየችው ዚላ ንዴቷ እጥፍ ሆነ። ካፕቴን ግን አልበሉም። ጥግ ይዘው በእርጥብ ጨርቅ ግንባራቸውን አስረው፣ "ፀሐይ መታኝ መሰለኝ" እያሉ ያቃስቱ ነበር። የሙሽራዋ እናት ታራግብላቸዋለች።

በማግሥቱ መካሪው በዛ። አንዱ፣ "አደላይድ አዲስ መስፍ ሞልቷል" አላት። ሌላዋ ደግሞ፣ "ምልክት ይሆናል፣ ቤትሽን ዘግተሽ እረፊ" አለቻት። ባለጋራዡ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መስፉን ዞር ዞር እያለ አየና፣ "ጥቁር ቀለም ቀብተሽ በር ላይ ብታቆሚው ያምራል፤ አበባ ይቀመጥበታል" አላት።

"አበባ?"

"ለምሳሌ ነው።"

"ውጣ!" አለችው። ወጣ።

ነገሩ ከቁጣም በላይ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ እየተቃረበ ነው፤ ከዝናቡ በፊት የአገሩ ማረሻ ሁሉ መሳል አለበት። በተሰበረ መስፍ ላይ ማረሻ ቢቀጠቀጥ ይጎብጣል እንጂ አይሳልም። ገበሬዎቹ ማረሻቸውን በባቡር ወደ ሌላ ከተማ ስለ መላክ ማውራት ጀምረዋል። ዚላ ታውቀዋለች፤ አንድ የዘር ወቅት እሳቷ ካልነደደ ዳግመኛ የሚያነደው አይኖርም። "ድሮ አንዲት ሴት ቀጥቃጭ ነበረች" ይባልና ያበቃል። መስፉን ማዳን ይቻላል። የድሮውን ፊት ገፎ አዲስ አረብ ብረት ማንጠፍ ነው፤ አባቷ አንድ ጊዜ ሲያደርገው አይታለች። ግን ያን ሁሉ ብረት አግሎ የሚገለብጥ፣ ሳይቀዘቅዝ የሚመታ ብዙ ክንድ ይፈልጋል። ያለችው አንድ መቺ ነበር፣ እሱንም አባራዋለች።

እሑድ ካፕቴን ቆመው ጸለዩ። "ጌታ ሆይ፣ ሞኝ እጅ ያጠፋውን ይቅር በል። ለወንድማችን ለዲገሪ ብሬይ ልብ ስጠው። እህታችንን ዚላንም ከቁጣ ጠብቃት።" የዲገሪ ሚስት ሎቭዴይ ፊቷ ቀልቶ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወጣች። ዲገሪ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። "አሜን!" አለ ጉባኤው፣ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ዚላ ነበረች።

ሰኞ የመስፉን ስብርባሪ ልትለቅም ወደ ጸሎት ቤቱ ደጅ ወጣች። ከፈረስ ማጠጫው ገንዳ ሥር አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ ላብ ያላበው ቁራጭ ድማሚት ነው። የሰው ልጅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ እንዲህ ሜዳ ላይ ተጥሎ! እየተሳደበች በባዶ እጇ አነሣችው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተራመደች ባሕር ዳር ወሰደችና ወረወረችው።

ገና ቤቷ ሳትደርስ ራሷን ይመታት ጀመር። ቁልቁል ሲወቅራት፣ ዓይኗን ሊያወጣው ሲደርስ፣ አግዳሚው ላይ ተጋደመች። ኮምጣጤ የነካ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጋ ሳለች ሽታው አባቷን አመጣባት። ሳምፕሰን ጉድጓዱ ውስጥ ድማሚት ነክቶ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበር የሚሆነው። ዕለት ዕለት የሚነካው ሰው ይለምደዋል፤ ትቶት ከርሞ የነካው ግን ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ትሬቫን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

ከዚያ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ዲገሪ የሠርጉ ቀን ሲበላ ነበር። ራሱን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

"ፀሐይ መታኝ!" አለች ጮክ ብላ፣ ሰው በሌለበት ቤት። "ፀሐይ!"

ድማሚቱን የሞሉት እሳቸው ናቸው። ሞልተው፣ ወትፈው፣ ለዲገሪ አስረከቡት። ይህስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል። ግን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የራስን ጥፋት በሌላ ሰው ስም መጸለይ ምን ይባላል? ዚላ በቤቱ ውስጥ እየተመላለሰች ካፕቴንን ረገመች፣ ጉባኤውን ረገመች፣ ኬክ ያስቆረጧትን ሴቶች ረገመች። ለራሷ የሚሆን ንዴት አልተረፋትም።

ጨርቁን ከግንባሯ ሳትፈታ ዲገሪ ቤት ሄደች። ሎቭዴይ በሩን በሰፊ ትከሻዋ ዘጋችው።

"ደግሞ ምን ልትሰብሪበት መጣሽ?"

"ባልሽን ጥሪልኝ።"

ዲገሪ ከጓሮ ለማገዶ የሚሆን የዛፍ ሥር ሲፈልጥ ቆይቶ መጣ።

"የሞሉት ካፕቴን ናቸው" አለችው።

"የለኮስኩት እኔ ነኝ።"

"የሞላውን ነው ያልኩህ!"

መጥረቢያውን መሬት ላይ አቆመ። "ጉድጓዱ የተደረመሰ ጊዜ አባቴን በጀርባቸው አዝለው ያወጡት ማን ናቸው? ሬሳውን ባያወጡልን ምን እንቀብር ነበር? እሳቸው እስኪናገሩ ድረስ እኔ አልናገርም።"

"ሰው ሁሉ እየጠቆመብህ?"

"ይጠቁም።"

"ደንቆሮ!" አለችው። ዞር ብላ ስትሄድ ደግሞ፣ "ቅዳሜ ሥራ አለ፣ ና!" ብላ ጮኸችበት። ሎቭዴይ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት የማክሰኞ ጸሎት ነበር። ካፕቴን መጽሐፋቸውን ገልጠው ሊጀምሩ ሲሉ ዚላ ተነሣች።

"ካፕቴን፣ ጥያቄ አለኝ።"

"ልጄ፣ ጥያቄ ከጸሎት በኋላ ነው።"

"ይሄኛው ከጸሎት በፊት ይሻላል። የሠርጉ ቀን ራስዎን በጨርቅ ያሰሩት ለምን ነበር?"

ከወጣቶቹ ወገን የገባው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ በአንድ ቀና አሉ። በየመቀመጫው ሳል ተሰማ።

"ፀሐይ…" አሉ ካፕቴን።

"ደመና ነበር እኮ" አለ አንድ አሮጌ ማዕድን ቆፋሪ ከኋላ።

ካፕቴን መጽሐፉን ዘጉት። እንደገና ገለጡት። በመጨረሻ ተቀመጡና ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ። ባሩዱ እርጥብ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሠርግ እስከ ሌላው ከተማ እንዲሰማ ፈልገው ነበር። ከድሮው የተረፈች ትንሽ ድማሚት ነበረቻቸው፣ ትንሽ ናት ብለው ነው። "አዲስ መስፍ አስመጣልሻለሁ" አሏት።

"አዲስ አልፈልግም!" አለች ዚላ። "ክንድዎን ነው የምፈልገው። ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዎን ሰብስበው ይምጡ። ብረት አይደል እንዴ ያላችሁትም ኑ። አበባ ይቀመጥበት ያልከውም ና!"

ስለ ዲገሪ ግን ካፕቴን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዚላ ይህን ልብ ብላ ያዘችው።

ቅዳሜ የዚላ ጓሮ ሞላ። ምድሩን ቆፍረው፣ በጡብ ከበው፣ የማገዶ ሥሩን ቆልለው መስፉን በአፍጢሙ ተከሉት። የተሰበረውን የድሮ ፊት ቀደም ብላ በመሮ ገፍፋለች። አዲሱ ፊት ከማዕድኑ ፉርጎ ዘንግ ሥር የተነቀለ ወፍራም የአረብ ብረት ዝርግ ነው። ወናፍ ብቻ እንደማይበቃ ሲታይ ባለጋራዡ ሳይጠየቅ የሞተር ማራገቢያውን ጎትቶ አመጣ። ዚላ አየችው፣ አላባረረችውም። ዲገሪ ከኋላ በር ገባ፣ ማንንም ሰላም ሳይል ትልቁን መዶሻ አነሣ። ሎቭዴይም መጥታ አጥሩ ጋ እጇን አጣምራ ቆመች። ጋሪዎች ከባሕሩ በርሜል በርሜል ጨው ውኃ አመላለሱ፤ ለመጠጥ ያልበቃ የዝናብ ውኃ ለብረት አይፈስም።

ብረቱ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ሲጀምር ዚላ፣ "አሁን!" አለች። በሰንሰለት ብድግ አደረጉት፣ ገለበጡት። እሷ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋ የብየዳውን ዱቄት ነሰነሰችበት፣ የጋለውን አረብ ብረት በጉጠት ይዛ አነጠፈችው።

"መሐሉን! እኔ የነካሁበትን ብቻ! ከመሐል ወደ ዳር!"

ትንሿ መዶሻ ነካ፣ ትልልቆቹ ዱብ፣ ዱብ። የቀለጠው ቆሻሻ በየዳሩ እየተረጨ ወጣ፤ ሰው ሱሪው እየተቃጠለ አልተንቀሳቀሰም። ካፕቴን ከዲገሪ ትይዩ ቆመው እኩል ያወርዳሉ። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ይፏጫል። መሐል ላይ፣ "ዲገሪ፣ እኔ…" ብለው ጀመሩ።

"በኋላ!" ጮኸችባቸው ዚላ። "ብረቱ ወሬ አይጠብቅም!"

ፊቱ ከአካሉ ጋር ተያያዘ። ዳሩን ቀጥ አድርገው፣ ቀዳዳውን ከፍተው፣ እንደገና እስኪቀላ አነደዱት። ያን ጊዜ በርሜሎቹን ከፍ ካለው መድረክ ላይ ደፉበት፤ የባሕሩ ውኃ መሐሉን እያገኘ በኃይል ወረደ። እንፋሎቱ ጓሮውን ዋጠው። ሰዉ ሁሉ የስንጥቅ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ትንፋሹን ያዘ። አልተሰማም።

እንፋሎቱ ሲገፈፍ ዚላ ትንሿን መዶሻ ከክርኗ ከፍታ ለቀቀቻት። መዶሻዋ ወደ እጇ ልትመለስ ምንም አልቀራትም፣ መስፉም ጠርቶ ጮኸ። እስከ ወደቡ ተሰማ። ሰው ቆቡን ወረወረ።

ካፕቴን ሁለት እጃቸውን አንሥተው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲህ ሁላችንም ይቅር ተባባልን፤ እንዘምር!" አሉ።

"ቆይ!" አለች ዚላ። "ማን ከማን ጋር ነው የተባባለው? እኔ አልሰማሁም! ብረቱን ነው የጠገንነው። የሰውየውን ስምስ? ጀምረውት ነበር፣ ይጨርሱት እንጂ!"

ካፕቴን ቆባቸውን አወለቁ። ጥላሸት የነካው ግንባራቸው ላይ ላቡ መንገድ ሠርቷል።

"ዲገሪ፣ እኔ ያጠፋሁትን ባንተ ስም ጸለይኩ። በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ዋሸሁብህ። ይቅር በለኝ።"

ዲገሪ የመዶሻውን እጀታ ከላቡ ጠረገ። "አባቴን አውጥተውልኛል" አለ። "ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ሁለተኛ ግን ዝም አልልም፣ ካፕቴን። ይቅር ብያለሁ።"

ዚላ በእርካታ ራሷን ነቀነቀች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። "በሉ እንግዲህ፣ ማረሻ ያለው ያምጣ!"

ዲገሪ ከቦታው አልተነቃነቀም። መዶሻውን ተደግፎ ያያታል።

"አንቺስ?" አላት።

"እኔ ምን?"

"ደጄን እንዳትረግጥ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሳትጠይቂኝ። እውነቱን ካወቅሽ በኋላ ደግሞ ደጄ ድረስ መጥተሽ ደንቆሮ አልሽኝ፣ ሥራ አለ ና አልሽኝ። ካፕቴን ሲጸልዩብኝ አሜን ብሎ ከሁሉም የጮኸው የማን ድምፅ ነበር? ሎቭዴይ ውጭ ሆና ለይታዋለች።"

ዲገሪ በዕድሜው ይህን ያህል ሲናገር ማንም ሰምቶ አያውቅም። ጓሮው ሙሉ ዚላን ዞሮ አየ። ዚላ የምትቆጣበትን ነገር ፈለገች፤ ሁልጊዜ የምታገኘውን ዛሬ አጣችው። ፊቷ ቀላ።

"ይቅርታ!" ብላ ጮኸች፣ እንደ ስድብ።

"አልሰማሁም፣ ውኃው ይጮኻል" አለ ዲገሪ።

ውኃው ካለቀ ቆይቷል። ከሕዝቡ መሐል ሳቅ የያዘው ሰው አፉን በቆቡ ከደነ።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዲገሪ" አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። "ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ።" ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች። "አንቺም፣ ሎቭዴይ። ያ አሜን አፌን ያቃጥለኝ።"

ሎቭዴይ ያጣመረችውን እጇን ፈታች። ወደ ዚላ ቤት ገባች፤ ጥቂት ቆይታ ሻይ የሞላ ኩባያ ይዛ ወጣች። በሰዉ መሐል አቋርጣ መጣች፣ ዚላን ዓይን ዓይኗን እያየች ኩባያውን በመስፉ አዲስ ፊት ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ አስቀመጠችው።

"ለባሌ ነው" አለች። "እንዳይቀዘቅዝበት።"

ዚላ ኩባያውን አየችው። ሎቭዴይን አየቻት። እጇ ብድግ አለና ተመልሶ ሽርጧ ላይ አረፈ። ዲገሪ ሻዩን ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ፣ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው።